ከርነሉ ሜሞሪ ሲበላ፦ በምን እንፈልገው፣ እንዴት እንጠግነው?

ጅማ ውስጥ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ የጽሕፈትና የኢንተርኔት ቤት ያላቸው አንድ ጋሼ አሉ። ኢንተርኔቱን ለኮምፒውተሮቹ ሁሉ የሚያድለው አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ነው። ሊኑክስ ጭኜ ያዘጋጀሁላቸው እኔ ነኝ። ሲበላሽም የሚደወለው ለእኔ ነው። ለረጅም ጊዜ ያለ ችግር ሠራ። በኋላ ጋሼ ባትሪና ኢንቨርተር አስገጠሙ። ከዚያ ወዲህ ማሽኑ በየአሥር ቀኑ ገደማ ስታክ ማድረግ ጀመረ።

«አንተ ልጅ፣ መብራት ሲጠፋ ይሻለን ነበር እኮ!» አሉኝ።

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ለካ እውነታቸውን ነው። ድሮ መብራት በሁለት በሦስት ቀን አንዴ እልም ይላል። ማሽኑም አብሮ ይጠፋል። ተመልሶ ሲነሳ ሜሞሪው ባዶ ነው። ኢንቨርተሩ ሲገባ ግን ማሽኑ ሳይጠፋ መሰንበት ቻለ፤ ያን ጊዜ ድሮም የነበረው በሽታ ወጣ። የሊኑክስ እምብርት በሆነው ከርነሉ ውስጥ የሚሠራ የኔትወርክ ድራይቨር፣ ማለትም የኔትወርክ መሣሪያውን የሚያንቀሳቅስ ኮድ፣ ሜሞሪ እየወሰደ አይመልስም ነበር። ሜሞሪ ሊክ የሚባለው ይህ ነው። መብራት መጥፋቱ ሳናውቀው ሲያክመን ኖሯል።

ያንን ስፈልግና ስጠግን በየደረጃው ምርጫ ነበረብኝ። እዚህ የማነጻጽረው እነዚያን ምርጫዎች ነው። የሊኑክስ ሰርቨር ለሚያስተዳድርና ሲ ቋንቋ ለሚያነብ ሰው ነው የጻፍኩት። የመመረቂያ ፕሮጀክት ለምትፈልጉ የኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ ልጆችም ይሆናችኋል።

ያልተመለሰ የእድር ዕቃ

ስሙ «ሊክ» ስለሆነ ብዙ ሰው የተቀደደ ጀሪካን ይታየዋል። እኔ የእድር ዕቃ ብዬ ሳስበው ይቀለኛል። እድሩ ድንኳን፣ ወንበር፣ ብረት ድስት አለው። ለቅሶ ያለበት ቤት ይወስዳል፤ ሲጨርስ ይመልሳል። አንዱ ግን ድስቱን ጓዳ ቆልፎበት ሰፈር ለቀቀ እንበል። ድስቱ አልተሰበረም። መዝገቡ ላይ «ወጪ» እንደተባለ ነው። ማንም አይጠቀምበትም፤ ለሌላ ለቅሶም አይደርስም።

በከርነሉ የኔትወርክ ክፍል ውስጥ ድስቱ ኤስኬቢ ይባላል። እያንዳንዱ ፓኬት፣ ማለትም በኔትወርክ የሚላክ የዳታ ቁራጭ፣ የሚጓዝበት መያዣ ነው። በ64 ቢት ማሽን ላይ መያዣው ራሱ 256 ባይት ይይዛል። 1500 ባይት ለሚሆን ሙሉ ፓኬት የሚመደበው የዳታ ቦታ ደግሞ 2048 ባይት ይሆናል። በሰከንድ አንድ ፓኬት ብቻ ሳይመለስ ቢቀር በቀን 86,400 ፓኬት ነው። ወደ 199 ሜጋባይት ማለት ነው። የጋሼ ማሽን ያለው 4 ጊጋባይት ነው፤ ከዚያ ግማሽ ያህሉ ነጻ ነበር። አሥር ቀን። ሒሳቡ ገጠመ።

ተራ ፕሮግራም ሲዘጋ የወሰደውን ሁሉ ከርነሉ ይሰበስብለታል። የከርነሉን ግን የሚሰበስብ የለም። ድራይቨሩን አውጥቶ መልሶ ማስገባትም አብዛኛውን ጊዜ አያድንም። ድራይቨሩ ይወጣል፤ የተረሳው ኤስኬቢ እዚያው ይቀራል።

በእርግጥ ከርነሉ ነው?

ሜሞሪ አለቀ ማለት ከርነሉ በላው ማለት አይደለም። ሊኑክስ ሥራ የፈታ ሜሞሪ ሲያገኝ የፋይል መሸጎጫ ያደርገዋል። ይህን አይቶ የደነገጠ ብዙ ሰው አውቃለሁ። መሸጎጫው ሲፈለግ ይለቀቃል፤ ስለዚህ በ«ፍሪ» ትእዛዝ ብቻ አትፍረዱ። «ፕሮክ» ስር ያለውን «ሜምኢንፎ» ፋይል ክፈቱና «ኤስአንሪክሌይም» የሚለውን መስመር እዩ። ከርነሉ ለራሱ የወሰደውና በግድ ሊያስለቅቁት የማይቻል ሜሞሪ ነው። ለሁለት ሦስት ቀን ጠዋትና ማታ ማስታወሻ ላይ ጻፉት። ደንበኛ ሲበዛ ወጥቶ ሌሊት ከወረደ ጤነኛ ነው። ሌሊትም ካልወረደ ነገር አለ።

ቀጥሎ ከርነሉ ሜሞሪውን በየዓይነቱ የሚያኖርባቸውን መጋዘኖች የሚያሳየውን «ስላብቶፕ»ን አስነሱ። በጋሼ ማሽን አናት ላይ የተቀመጠው «ኤስኬቢ ሄድ ካሽ» የሚባለው መጋዘን ነበር። ከሥሩ የ2 ኪሎባይቱ «ኬማሎክ» ይከተላል። ሁለቱ በቁጥር እኩል ያድጋሉ። ይህ ጥንድ አብሮ ሲያድግ ካያችሁ የሚቀረው ፓኬት ነው። በቆዩ ከርነሎች ላይ ግን መጠናቸው የተቀራረበ መጋዘኖች ስለሚዋሃዱ ስሙ ሊያሳስታችሁ ይችላል። ማሽኑ ሲነሳ «ስላብ ኖመርጅ» የሚል ትእዛዝ ከተሰጠው ተለያይተው ይታያሉ።

ኮድ ሳይከፈት የሚሞከሩ ሦስት መንገዶች

ሁሉም ሰው ኮድ መክፈት የለበትም። ሥራን በተወሰነ ሰዓት በራሱ በሚያስኬደው በ«ክሮን» በየሳምንቱ እሑድ ሌሊት ሪስታርት ማድረግ አንዱ መንገድ ነው፤ የሚያሳፍር ነገርም የለውም። በአሥር ቀን ለሚሞላ ማሽን የሳምንት ሪስታርት ይበቃዋል። ግን ፍጥነቱ ቋሚ ነው ብላችሁ አትመኑ። የጋሼው ማሽን ዝናብ በበረታበት ሳምንት በስድስት ቀን ደረቀ። ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር።

ከርነሉን ማዘመን ሁለተኛው ነው። ድራይቨሩ ከከርነሉ ጋር አብሮ የሚመጣ ከሆነ ይህን አስቀድሙ። እንዲህ ያለ ስህተት አንዴ ከተገኘ ጥገናው ወደ ቆዩት የተረጋጉ ከርነሎችም ይወርዳል። የእናንተን ችግር ሌላ ሰው ጠግኖት ሊሆን ይችላል። ድራይቨሩ ከአምራቹ በዚፕ ፋይል የመጣ ከሆነ ግን ማዘመኑ አይነካውም።

ሦስተኛው ድራይቨሩን መቀየር ነው። ለብዙ ቺፖች ሁለት ድራይቨር አለ፦ አምራቹ የሚያድለውና ከርነሉ ውስጥ ያለው። እኔ ሁልጊዜ ለከርነሉ አደላለሁ። እዚያ የሚገባ ኮድ በሌላ ሰው ዓይን ያልፋል። ከገባም በኋላ «ሲዝቦት» የሚባለው ሮቦት ሌት ተቀን የተዘበራረቀ ጥሪ እየላከ ይፈትነዋል፤ ሜሞሪ ሊክ ሲያገኝም ሪፖርት ይልካል። በዚፕ የመጣውን ማንም አይፈትነውም።

ይህን ምክር ዛሬ እንዲህ አቃንቼ የምሰጠው ራሴ ስላልተከተልኩት ነው። በቀጥታ ወደ ከባዱ ሄድኩ።

መፈለጊያ መሣሪያዎቹ

ለምርጫው ዋናው ጥያቄ አንድ ነው፦ ከርነሉን እንደገና ኮምፓይል ማድረግ (ከምንጭ ኮዱ መገንባት) ትችላላችሁ ወይስ አትችሉም?

ካልቻላችሁ ያላችሁ የ«ቢሲሲ» ስብስብ ውስጥ ያለው «ሜምሊክ» ነው። በሥራ ላይ ባለ ከርነል ውስጥ ትንንሽ ፕሮግራም በሚያስኬደው በኢቢፒኤፍ የሚሠራ ስለሆነ ማሽኑ ሳይጠፋ ይገባል። ከርነሉ ሜሞሪ ሲሰጥና ሲቀበል ቆጥሮ፣ ተሰጥቶ ያልተመለሰውን ከነጠሪው ፋንክሽን ያሳያል። ጉዳቱ ፓኬት በሚበዛበት ሰዓት ማሽኑን ማክበዱ ነው። ደግሞ ከተነሳበት ደቂቃ በፊት የተወሰደውን አያውቅም። ደንበኛ ቁጭ ብሎ እየተጠቀመ ለሚታይ ማሽን ግን የተሻለ የለም። ሩብ ሰዓት አስኬዳችሁት ታጠፉታላችሁ።

ኮምፓይል ማድረግ ከቻላችሁ «ኬሜምሊክ» አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው 2.6.31 ከርነል ነው የገባው። አሠራሩን እወደዋለሁ። የእድሩ ጸሐፊ ወጪ የሆነውን ዕቃ ሁሉ መዝግቦ ይይዝና ቤት ለቤት ይዞራል። «ይህ ድስት እናንተ ጋ ነው?» ይላል። አንድም ቤት «አዎ» ካላለ ጠፍቷል ማለት ነው። ኬሜምሊክም በየ10 ደቂቃው የከርነሉን ሜሞሪ እያሰሰ ወደ እያንዳንዱ ዕቃ የሚያመለክት አድራሻ ይፈልጋል። የሚያመለክትበት ያጣውን በሪፖርት ያወጣዋል፦ መጠኑን፣ መቼ እንደተወሰደ፣ በየትኞቹ ፋንክሽኖች አልፎ እንደተወሰደ። አሥር ደቂቃ መጠበቅ ካልፈለጋችሁ «ስካን» የሚል ቃል «ኬሜምሊክ» ወደሚባለው ፋይሉ ጻፉለት፤ ወዲያው ይዞራል። አንድ ዙር ብቻ አይታችሁ ግን አትመኑ። በእጅ በእጅ እየተላለፈ ያለ ዕቃ ለጊዜው የጠፋ ሊመስል ይችላል። ሁለት ሦስት ዙር አድርጉት።

ኬሜምሊክ የማያያቸው ነገሮች አሉ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። አንደኛ፣ በገጽ ደረጃ፣ ማለትም ከርነሉ ሜሞሪን በሚከፋፍልባቸው እኩል ቁራጮች፣ በቀጥታ የሚወሰድ ሜሞሪን አይከታተልም። ብዙ ፈጣን የኔትወርክ ካርዶች ዳታውን የሚያስቀምጡት ደግሞ እዚያ ነው። ስለዚህ ትንሹን የኤስኬቢ መያዣ አይቶ ትልቁን ገጽ ሊያልፈው ይችላል። ድራይቨሩ «ፔጅ ፑል» የሚባለውን የገጽ ማከማቻ የሚጠቀም ከሆነ የከርነሉን ሎግ እዩ። ፑሉ ሲዘጋ ያልተመለሰ ገጽ ካለ ራሱ ይጮኻል።

ሁለተኛው ይብሳል። ዕቃው የሆነ ዝርዝር ውስጥ ተረስቶ ከተቀመጠ ኬሜምሊክ ዝም ይላል። የሚያመለክት አድራሻ አለዋ! ቤቱ «አዎ፣ እኛ ጋ ነው» ይላል፤ ግን አይመልስም። የማጣቀሻ ቆጠራ ስህተት እንዲህ ነው። የኔትወርክ መሣሪያውን የያዘ ክፍል ቆጣሪውን አንድ ይጨምራል፣ ሲለቅ አንድ ይቀንሳል። አንዱ መቀነስ ከረሳ መሣሪያው አይሞትም። ሎጉ ላይ መሣሪያው ነጻ እስኪሆን እየጠበቀ መሆኑን የሚገልጽ፣ መጨረሻው ላይም የቀረውን ቆጠራ የሚያሳይ መልእክት እየተደጋገመ ይወጣል። ይህን ካያችሁ ኬሜምሊክን ተዉት። እ.ኤ.አ. በ2022 በ5.17 ከርነል የገባውን የማጣቀሻ መከታተያ አብሩ። እያንዳንዱ ይዞታ የራሱ ደረሰኝ ስለሚኖረው ያልተመለሰው ደረሰኝ የማን እንደሆነ ይነግራችኋል።

አዲስ ከርነል ላላችሁ ሌላም አማራጭ አለ። ከ6.10 ወዲህ፣ ማለትም ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ «ፕሮክ» ስር «አሎክኢንፎ» የሚባል ፋይል ሊኖር ይችላል። ለዚህ ግን ከርነሉ ሲዘጋጅ ይህ ምርጫ የበራ መሆን አለበት። በየትኛው ፋይል በየትኛው መስመር ምን ያህል ባይት እንደተወሰደ በቁጥር ያሳያል። በገጽ ደረጃ የሚወሰደውንም ይቆጥራል። ሸክሙ ቀላል ስለሆነ ሥራ ላይ ባለ ሰርቨር እንኳ በርቶ መክረም ይችላል። ዛሬ ከዜሮ ብጀምር እሱን አስቀድም ነበር። የጋሼ ከርነል ግን አሮጌ ስለነበር ኬሜምሊክን መረጥኩ፤ እቤት በላፕቶፔ ኮምፓይል አድርጌ ወሰድኩት።

«ኬሳን»ን የምትጠቅሱ ትኖራላችሁ። ኬሳን ሊክ አይፈልግም። የተለቀቀ ሜሞሪን መልሶ መንካትን ነው የሚይዘው። ከጥገናው በኋላ ይፈለጋል፣ እመለስበታለሁ።

ሪፖርቱ የማይነግራችሁ

ኬሜምሊክ በአንድ ሌሊት በሺዎች የሚቆጠሩ መስመሮች ሰጠኝ። ሁሉም አንድ ቦታ ያመለክታሉ፦ የዩኤስቢ ኔትወርክ አስማሚው ድራይቨር፣ ፓኬት መቀበያ ፋንክሽን፣ ኤስኬቢ የሚጠየቅበት መስመር። ደስ አለኝ። መስመሩን ከፍቼ አየሁት። ምንም ስህተት የለበትም!

የትኛውንም መሣሪያ ብትመርጡ እዚህ ጋ ትደርሳላችሁ። ሁሉም የሚነግሯችሁ ዕቃው የት እንደተወሰደ ነው። የት እንደተረሳ አንዳቸውም አይነግሯችሁም። ከዚያ ወዲያ ያለው ንባብ ነው።

ንባቡን የሚያሳጥር አንድ ብልሃት አለ። ከጠፋው ዕቃ ጋር እኩል የሚራመድ ሌላ ቆጣሪ ፈልጉ። እኔ «አይፒ» በሚለው ትእዛዝ የአስማሚውን ስታቲስቲክስ አውጥቼ ከስላብቶፕ ጎን አስቀመጥኩት። የመቀበል ስህተት የሚለው ቁጥር በ40 ሲጨምር የኤስኬቢው ቁጥርም በ40 ገደማ ይጨምራል። እንደገና አየሁ። እንደገና አብረው ሄዱ። ያን ጊዜ ዝናቡ ትዝ አለኝ። ከአስማሚው የሚወጣው ገመድ በጣሪያ ላይ አልፎ ወደ ጎን ቤት ይሄዳል። ጫፉ ላይ ያለው መሰኪያ ውኃ ይገባበታል። ዝናብ ሲጥል የተበላሸ ፓኬት ይበዛል፤ የተበላሸ ፓኬት ሲበዛ ሜሞሪው ቶሎ ያልቃል። ጅማ ደግሞ ዝናብ የሚጠፋበት ወር ጥቂት ነው።

ኮዱ እንዲህ ይሄዳል፦ ኤስኬቢ ይጠይቃል፣ ፓኬቱን ይቀዳበታል፣ የስህተት ምልክቱን ያያል። ምልክቱ ካለ የስህተት ቆጣሪውን አንድ ጨምሮ ወደሚቀጥለው ፓኬት ያልፋል። ኤስኬቢውን አልለቀቀም። በቃ፣ ይኸው ነው።

ጥገናው፦ አራት መንገድ

አጭሩ በዚያ ቅርንጫፍ ላይ አንድ መልቀቂያ መስመር መጨመር ነው። ፓቹ (የማስተካከያው ኮድ) አንድ መስመር ስለሆነ ለመመርመር ቀላል ነው፤ ወደ ቆየ ከርነልም ያለ ጣጣ ይወርዳል። የትኛውን መልቀቂያ? «ኬፍሪ ኤስኬቢ» ፓኬቱ ተጥሏል ማለት ነው፤ የተጣለ ፓኬት የሚከታተሉ መሣሪያዎች ያዩታል። «ኮንሲዩም ኤስኬቢ» ደግሞ ፓኬቱ ሥራውን በሰላም ጨርሷል ማለት ነው። ለስህተት መንገድ የመጀመሪያውን ምረጡ። ኮዱ በኢንተረፕት ውስጥም ሊጠራ የሚችል ከሆነ «ዴቭ ኬፍሪ ኤስኬቢ ኤኒ»ን ተጠቀሙ።

ፋንክሽኑ አራት አምስት የስህተት መውጫ ካለው በየመውጫው መልቀቂያ መለጠፍ ነገ ስድስተኛውን ያስረሳል። ያኔ ሁሉንም በ«ጎቱ» ወደ አንድ የጽዳት ቦታ መላክ ይሻላል። ትምህርት ቤት «ጎቱ ነውር ነው» ተብለን ነበር። ከርነል ውስጥ ነውር አይደለም፤ የተለመደው አጻጻፍ እሱ ነው።

ሦስተኛው ቅደም ተከተሉን መቀየር ነው። እኔ የመረጥኩትም ይህን ነው። የስህተት ምልክቱ ያለው በፓኬቱ ራስጌ ላይ ነው፤ እሱን ለማየት ኤስኬቢ አያስፈልግም። ስለዚህ ምርመራውን ከጥያቄው በፊት አመጣሁት። የተበላሸ ከሆነ ቆጥሮ ያልፋል፤ ምንም አልተበደረም፣ የሚመልሰውም የለም። ለእያንዳንዱ የተበላሸ ፓኬት የሚባክነው መቅዳትም አብሮ ቀረ። ሊሆን በሚችልበት ቦታ ሁሉ ከአራቱ ይህ ይበልጥብኛል።

አራተኛው ከ6.5 ከርነል ጀምሮ፣ በ2023 እ.ኤ.አ.፣ የመጣው ራስ ሰር ማጽጃ ነው። ተለዋዋጩ ከክልሉ ሲወጣ ሜሞሪው በራሱ ይለቀቃል። ያምራል። ነገር ግን የኔትወርክ ክፍሉ ኃላፊዎች በድራይቨሮች ውስጥ በቀጥታ መጠቀሙን እንደማያበረታቱ በመመሪያቸው ጽፈዋል። ፓቻችሁን ወደ እነሱ ልትልኩ ካሰባችሁ ይህን መንገድ ተዉት።

የመላኪያው መንገድ የራሱ ወጥመድ አለው። እዚያ ጥያቄው ኤስኬቢው የማን ነው የሚለው ነው። የድራይቨሩ መላኪያ ፋንክሽን «ቲኤክስ ኦኬ» ብሎ ከመለሰ ኤስኬቢው የሱ ሆኗል፤ መላክ ባይችል እንኳ መልቀቅ አለበት። «ቲኤክስ ቢዚ» ካለ የሱ አይደለም፣ እንዳይነካው። ብዙ ድራይቨር፣ ካርዱ ሜሞሪውን በቀጥታ እንዲያነብ የሚያደርገው የዲኤምኤ ማያያዣ ሲከሽፍ፣ «ኦኬ» ብሎ ይመለስና መልቀቁን ይረሳል። በሌላ በኩል ፓኬቱን በዜሮ የሚሞላው «ኤስኬቢ ፑት ፓድቱ» ሲከሽፍ ኤስኬቢውን ራሱ ይለቅቃል። «ኤስኬቢ ሊኒያራይዝ» ሲከሽፍ ግን አይለቅም። ስማቸው አንድ ቤተሰብ ይመስላል፤ ጠባያቸው ለየቅል ነው። የመጀመሪያው ከከሸፈ በኋላ እናንተ ብትለቁት ሁለቴ ተለቀቀ። ሁለቴ መልቀቅ ደግሞ ከሊክ ይብሳል። ሊክ በአሥር ቀን ይገድላል፤ ሁለቴ የተለቀቀ ሜሞሪ በሰከንድ ማሽኑን ይጥላል፣ ለሰርጎ ገብም በር ይከፍታል። እርግጠኛ ካልሆናችሁ መልቀቂያውን ከመጨመራችሁ በፊት የጠራችሁትን ፋንክሽን ኮድ ገብታችሁ አንብቡ። ከጨመራችሁ በኋላ ኬሳን የበራበት ከርነል ላይ ፈትኑት። ቅድም እመለስበታለሁ ያልኩት ለዚህ ነው።

ሙከራ

የተበላሸ ፓኬት ለመፍጠር መጀመሪያ የሞከርኩት የኔትወርክ ችግር አስመስሎ የሚፈጥረውን «ኔትኤም»ን ነው፤ ፓኬት የማበላሸት ምርጫ አለው። አልሠራም። ኔትኤም የሚያበላሸው ካርዱ የፍተሻ ድምሩን ከማስላቱ በፊት ነው፤ ስለዚህ ፓኬቱ ከነብልሹነቱ ሕጋዊ ማኅተም ይዞ ይደርሳል። አስማሚው ምንም አይጠረጥርም። በመጨረሻ አንድ መሰኪያ ሆን ብዬ አላልቼ ጨመቅሁ። በየጥቂት ሰከንዱ ስህተት የሚሰጥ ገመድ አገኘሁ። ያ ገመድ እስከ ዛሬ ቦርሳዬ ውስጥ ነው።

ኬሜምሊክን «ክሊር» ብዬ የቀድሞውን ሪፖርት አጽድቼ፣ በዚያ ገመድ ሌሊቱን ፋይል ሳወርድ አደርኩ። የስህተት ቆጣሪው ብዙ ሺህ ደረሰ። ሪፖርቱ ባዶ ነበር።

ፓቹን የት እናኑረው?

ድራይቨሩ የከርነሉ ከሆነ ወደ ኔትወርክ ክፍሉ ላኩት። ለጥገና የሚሆነው ዛፍ (የኮድ ማከማቻ) «ኔት» ነው፤ «ኔት ኔክስት» ለአዲስ ነገር ነው። ስህተቱን ያመጣውን ኮሚት (የተመዘገበ የኮድ ለውጥ) የሚጠቁም «ፊክስስ» የሚል መስመር አትርሱ፤ ከኮሚቱ መለያ የመጀመሪያዎቹን 12 ፊደላት ይይዛል። አስተያየት ሲመጣ አሻሽላችሁ ለመመለስ 24 ሰዓት ጠብቁ።

የእኔው የአምራቹ ስለነበር ለአምራቹ በኢሜይል ላክሁት። መልስ የለም። በ«ዲኬኤምኤስ» ማኖር ይቻላል፤ ከርነሉ በተዘመነ ቁጥር ድራይቨሩ በራሱ እንደገና ይገነባል። ግን ከርነሉ ውስጥ አንድ ፋንክሽን በተቀየረ ቀን ግንባታው ይሰበራል፤ ያን ቀን የሚጠራው እኔ ነኝ። ይህን እያሰብኩ የቺፑን መለያ ቁጥር ስፈልግ፣ አዲሱ ከርነል ውስጥ የራሱ ድራይቨር እንዳለው አገኘሁ። ሁለት ሌሊት ከደከምኩ በኋላ! ያንኑ ቀን ከርነሉን አዘመንኩና በዚፕ የመጣውን አወጣሁት። ፓቹ ለክፉ ቀን ፍላሽ ላይ ተቀምጧል። መሰኪያውንም ቀየርኩ።

ኤስአንሪክሌይም ከዚያ ወዲህ ሌሊት ሌሊት ይወርዳል። ጋሼ ግን አላመኑኝም። እሑድ ማታ ሱቁን ሲዘጉ ማሽኑን አጥፍተው ነው የሚሄዱት። «ይረፍ እንጂ» ይላሉ።